ልጃችሁ አልበላም ስትል እቃቃውን ወደ ማዕድ አምጡት

የዛሬው ርዕሳችን ምግብ እንቢ ስለሚሉ ሕፃናት ነው።

እናቶች፣ አባቶች፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጃችሁ ደጅ ላይ እቃቃ ስትጫወት ታዩአታላችሁ። አፈር ታቦካለች፣ በቆርኪ ወጥ ትሠራለች፣ አሻንጉሊቷን «ብዪ» ትላለች። ማዕድ ሲቀርብ ግን ፊቷን ታዞራለች። ራሽኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን ልጅ ይሰለቻል። ቁጣና በግድ ማጉረስ ይብሱን ያስጠሏታል።

ይልቅ «ዛሬ እንግዳሽ ነኝ፣ ምን ሠራሽልኝ?» በሏት። በባዶ ሳህን ታስተናግዳችሁ። ከዚያ ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና እውነተኛው ምግብ ይቅረብ። ለአሻንጉሊቷ የውሸት ጉርሻ፣ ለእሷ የእውነት ጉርሻ። አብራችሁም ብሉ፤ ልጅ አይቶ ይማራል።

ድርሻዋን በራሷ ሳህን አውጡላት። ከአንድ ትሪ ሲበላ ታላላቆቿ ይቀድሟታል፤ ምን ያህል እንደበላችም አይታወቅም። ሆዷ ትንሽ ስለሆነ ያለውን ከፋፍላችሁ በቀን አራት ጊዜ ያህል ብትመግቧት ይሻላል።

ጨዋታው ከምድጃ ይራቅ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆርኪም ጠጠርም አትስጡ፤ ያንቀዋል።

ልጃችሁ ከከሳች፣ እግሯ ካበጠ፣ ወይም ጨርሶ መብላትና መጠጣት ካቃታት ግን ጨዋታ አይበቃም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አምጧት፤ ክንዷን እንለካለን። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንድ ዙሪያው ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ ሕክምና ያስፈልገዋል።