ግፊት፣ የሕዋስ ሞትና የእኛ እናቶች
(በምሩቃን መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ስቴም ሴል ንገሪን» ሲሉኝ፣ «ጥሊሊ ቁጭ ብዬ ምን አውቄ?» ብዬ ነበር። ግን ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

በጃፓን የካንሳይ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፣ «ማርያም የሳመችው» የምንለው ዓይነት፣ ግን እጅግ ሰፊ የሆነ ጥቁር ምልክት ያለበትን ቆዳ ቆርጠው በ200 ሜጋፓስካል ግፊት ለ10 ደቂቃ ያቆዩታል። ይህ ከአየር ግፊት ወደ 2,000 እጥፍ ገደማ ነው። ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ ኮላጅኑ ግን ይቀራል። ከዚያ ቆዳውን ለዚያው ታካሚ መልሰው፣ ከራሱ ሕዋስ የተባዛ ስስ ቆዳ ይለጥፉበታል። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ለታካሚ የተሰጡ ስቴም ሴሎች የሰውነትን የመከላከያ ቁጣ የሚያበርዱት እየሞቱ መሆኑን አሳይተዋል። የሕዋስ ሞት በልኩ ሲሆን መድኃኒት ይሆናል ማለት ነው።

ልክ የሌለውን ግፊት ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር ይጨፈልቀዋል። ደም ይቋረጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ከቀናት በኋላ ረግፎ ቀዳዳ ይተዋል። ፊስቱላ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። የባሕር ዳሩ ማዕከልም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የአካባቢያችንን እናቶች ይቀበላል።

ከጥሊሊ እስከ እንጅባራ አስፋልት አለ። ከገጠር ቀበሌ እስከ ጥሊሊ ግን በክረምት ቃሬዛ ነው። እናቲቱ መንገድ ላይ ሳለች ግፊቱ አይቆምም።

እና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትንሽና አዲስ ፊስቱላ፣ ካቴተር ቶሎ ገብቶ ፊኛው ለሳምንታት ባዶውን ከቆየ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል። ግፊቱ ከተነሳለት ሰውነት ራሱን ይጠግናል፤ ከዚህ የቀረበ የተሃድሶ ሕክምና ከየት ይመጣል? የሚፈልገውም አንድ ካቴተርና ነቃ ያለች አዋላጅ ነው።

መምህራኖቻችን፣ ስለ ስቴም ሴል ስታስተምሩ ፓርቶግራፉንም አብራችሁ አንሱ። በየሆስፒታሉ ያላችሁ ደግሞ፣ ምጥ የተራዘመባት እናት ስትላክላችሁ ስልካችንን አንሱልን። ከወለደች በኋላም ካቴተሩን ለማውጣት አትቸኩሉ።