ከእሑድ እስከ እሑድ
(ለአገልግሎታችን ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በሱስና በአእምሮ ሕመም የሚቸገሩ ወገኖችን በስልክ መልእክት ስለ መርዳት ነው። ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ በአካል ሊደርስላቸው ያልቻለውን ምእመናን ያጸናው በምን ነበር? በመልእክት አይደለምን?

ከጫት ለመላቀቅ የወሰነ ሰው እሑድ በጉባኤ መካከል ብርቱ ነው። ፈተናው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ይመጣል። የበርጫው ሰዓት ሲደርስ ሐራራው ይነሣል፤ ጓደኞቹም ይጠሩታል። ከቃመ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ወደ ጨብሲ ይሄዳል። በማግስቱ ኀፍረት ይይዘውና በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ ይቀራል። እኛም «ወደ ኋላ ተመለሰ» ብለን እንተወዋለን። በድብርት የታመመውም ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ ጠያቂው እየቀነሰ ይሄዳል።

በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ጀሮም ሞቶ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ይህን ክፍተት አስተውለው ነበር። ከሆስፒታል ወጥተው ክትትሉን ካልቀጠሉ 843 ሕሙማን መካከል ለእኩሌቶቹ ለአምስት ዓመት አጫጭር ደብዳቤ እንዲላክ አደረጉ። ደብዳቤው ደኅንነታቸውን ይጠይቃል እንጂ ምክርም ተግሣጽም አልነበረበትም። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ውጤት፣ ደብዳቤ በደረሳቸው ዘንድ ራሳቸውን ያጠፉት ቁጥር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ካልደረሳቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሲጋራ ለመተው በፈለጉ 5,800 ሰዎች ላይ በብሪታንያ የተደረገ ጥናት ታተመ። ለእኩሌቶቹ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በቀን አምስት፣ ከዚያም ለ26 ሳምንታት በሳምንት ሦስት የሚያበረታታ መልእክት በስልካቸው ይላክላቸው ነበር። ሐራራ የያዘው ወይም የተሰናከለ ሰው አንድ ቃል ቢልክ ወዲያው መልስ ያገኝ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመሩ፣ ከእነዚህ ከመቶ 10.7፣ ከሌሎቹ ከመቶ 4.9 ሲጋራን ትተው ተገኙ። እንግዲህ የተላቀቁት ከእጥፍ በለጡ፤ ሆኖም የሚበዙት ገና አልተላቀቁም። ስለዚህ መልእክት ለድካማችን ደጋፊ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ይህን አገልግሎት ስንጀምር ሦስት ነገር እንጠብቅ።

አንደኛ፣ ያለ ሰውየው ፈቃድ አንላክ። በብዙ ቤት አንዱን ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚጠቀምበት የሱሱንም የሕመሙንም ስም አንጻፍ። ማንበብ ለማይችል እንደውል፤ የስልክ ሂሳብ የሌለውም ሚስኮል ያድርግልን።

ሁለተኛ፣ መልእክታችን ወቀሳ አይሁን። «ለምን ቀረህ?» ከማለት «ዛሬ በጸሎት አስቤሃለሁ፤ ከሥራ ስትወጣ ቡና እንጠጣ» ማለት ይሻላል። ይህም ሐራራው ከሚነሣበት ሰዓት በፊት ይድረስ። መልስ ባይመጣም በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እንላክ።

ሦስተኛ፣ የሐኪምን ቦታ አንያዝ። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም ብርቱ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊመጣበት ስለሚችል ማቋረጡ በሐኪም ምክር ይሁን። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስደውንም «ጸልየንልሃልና መድኃኒቱን ተው» አንበለው። ሞትን የሚመኝ ቃል ከጻፈልን ደግሞ መልስ ጽፎ መቀመጥ አይበቃም፤ እንደውል፣ ቤቱ እንሂድ፣ ብቻውን ሳንተወው ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው።

የተወደዳችሁ ደጋፊዎቻችን፤ ከእናንተ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ስጦታችሁ ለአገልጋዮች ሥልጠናና ለስልክ ሂሳብ ይውላል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ጊዜያችሁን እንሻለን። እያንዳንዳችን ከጉባኤ የቀረ አንድ ወገን እናስብ፤ ነገ ከቀትር በፊት በስሙ ጠርተን ደኅንነቱን እንጠይቀው። ያ ሰው ማክሰኞን ብቻውን እንዳያልፍ እግዚአብሔር በእኛ ሊደርስለት ይችላል።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ። አሜን።