ጣት ሲሠራ ልብ ይናገራል
(ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)

 

የዛሬው ርዕሴ ሹራብና ዳንቴል ነው ስል ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ሲሳሳቁ ሰማሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም! ግን በሽመና የታወቁት የዶርዜ ሸማኔዎች ወንዶች አይደሉም እንዴ? ክር የሴት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ስለ ትርፍ ጊዜ ስንመክራችሁ ብዙውን ጊዜ «አልባሌ ቦታ እንዳትውሉ» ብለን እናበቃለን። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ ልብ ነው። ሰው ሲጨነቅ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ፈተና ሲደርስ እስክሪብቶ የሚያኝክ፣ ጥፍሩን የሚበላ ከመካከላችሁ የለም? ኪሮሽ ስትይዙ ያ ጭንቀት መውረጃ ያገኛል። ክሩን መጠምጠም፣ መሳብ፣ ደግሞ መጠምጠም… እየቆጠራችሁ ጥቂት መስመር ስትሠሩ ትንፋሻችሁ ራሱ ዝግ ይላል። ከተበላሸ ደግሞ ተርትራችሁ በዚያው ክር እንደገና ትጀምራላችሁ። በሕይወት ውስጥ እንዲህ የሚተረተር ነገር ጥቂት ነው።

እዚህ ነቀምቴ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም። ባደግሁበት ሰፈር እናቶች ቡና አፍልተው ኪሮሻቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ከእነሱ አንዷ ባሏን በበሽታው ካጣች ወዲህ ከቤት መውጣት ተወች። ሰው ሊያጽናናት ሲገባ አንገቷን ደፍታ ዝም ነው። ይህ መድኃኒቱ በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ «ተመርመሪ» ሊላት የደፈረ አልነበረም። እናቴ ክርና ኪሮሽ ይዛ ሄደችና «እስቲ የሶፋ ዳንቴል አሠራር አሳዪኝ» አለቻት። (እናቴ ዳንቴል አሳምራ ትችል ነበር!) ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊት ለፊት ሲተያዩ የማይወጣ ቃል፣ ሁለቱም ክር ላይ ሲያቀረቅሩ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ሥራዋን ሳታቆም «እኔም እኮ ፈርቻለሁ» አለች። እናቴም ቀና ሳትል «አብረን እንሄዳለን» አለቻት። ሄዱም። በኋላ መድኃኒቱ ሲመጣ ጀመረች፤ ዛሬ ለልጅ ልጇ ሹራብ ትሠራለች።

በአሜሪካም በ1987 እ.ኤ.አ. በኤድስ ለሞቱ ሰዎች የተሰፋ ትልቅ ጨርቅ በዋሽንግተን ከተማ ተዘርግቶ ነበር። ለአንድ ሟች አንድ ቁራጭ፣ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የመቃብር ልክ። ያኔ 1,920 የነበሩት ቁራጮች ዛሬ 50 ሺህ ያህል ደርሰዋል። እርግጥ ይህ ስፌት ነው፣ ሹራብ አይደለም። ግን በመገለል ምክንያት በአደባባይ ማልቀስ ያልቻሉ ሰዎች በመርፌ አለቀሱ ብል አላጋነንኩም።

እንዳትሳሳቱብኝ፦ ሹራብ ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም። መታቀብን፣ ኮንዶምን፣ ምርመራን የሚተካ ነገር የለም። ክሩ የሚጠቅመው የፈራው ሰው አጠገብ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ነው፤ የፈራችሁት እናንተ ከሆናችሁም እንዲሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኪሮሽ ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ የምንማረው ሰንሰለት ነው። ቤት ያረጀ ሹራብ ያላችሁ ተርትራችሁ ክሩን አምጡ፤ ለመለማመጃ ይበቃል።