ፍሬን እምቢ ሲል

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ ስለምትወጂው ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ሹራብ አልሠራም፣ አበባም አልተክልም። እኔ የምወደው መኪና መንዳት ነው፤ ያውም ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ሰው ፊት ልታወሪው ነው?» አለኝ። አዎ፣ ላወራው ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ነገሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ሦስታችሁን ይመለከታል። ስም አልጠራም፤ ስትሰሙ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

መኪናዬ ቶዮታ ያሪስ ናት። ያው ሰፈር ውስጥ ሁሉም ቪትዝ ነው የሚላት። ግን ቲ ስፖርት የሚባለው ዓይነት ናት። ትንሿ ያሪስ 1 ሊትር ሞተር ስትይዝ የእኔዋ 1.5 ሊትር ነው፤ 106 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚቀየር አምስት ማርሽ። ላንድክሩዘር የምትነዱ ሰዎች ስትስቁ ይታየኛል። ሳቁ። ደግሞ ከፍታ ላይ ሞተርም እንደ እኛ ኦክሲጅን ያጥረዋል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ከዚያ ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም።

ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ዋናው ጉልበት አይደለም። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ አራቱ ጎማዎቿ ጥግ ጥጉን ይዘው ስለቆሙ መሪ ሲዞር ወዲያው እሺ ትላለች። ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነት ቀንሶ ሁለተኛ ማስገባት፤ ዓይንን ከአፍንጫዋ ሥር አንስቶ ኩርባው የሚያልቅበት ቦታ ላይ መጣል፤ መውጫው ሲታይ ቀስ ብሎ ነዳጅ መስጠት። በቃ ይኸው ነው። በትክክል ሲሠራ ተሳፋሪው ምንም አይሰማውም፣ ሾፌሩ ግን ልቡ ይሞላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም በፍጥነት ገብተው መሐል ላይ ከደነገጡ፣ የፊት ጎማ የምትነዳት መኪና አፍንጫዋን ወደ ውጭ ትገፋለች። ውጭ ማለት ብዙ ጊዜ ገደል ማለት ነው።

2004 ዓ.ም. ነው። ከእኛው ባች አንዱ ባሕር ዳር ሊያገባ፣ አራት ሆነን በእኔ መኪና ተነሣን፤ ሻንጣውም የሚዜ ልብሱም ተጭኖ። እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ ብዙም አያስቸግርም። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይከፈትና አባይ በረሃ ይጀምራል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጃፓኖች ረድተው ያሠሩት፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ደግሞ ከ1,100 ሜትር በታች ነው። ከ1,400 ሜትር በላይ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ ነው እንግዲህ።

እኔ በአራተኛ ማርሽ ወረድኩ። ሲኖትራክና የነዳጅ ቦቴ እየቀደምኩ፣ ከየኩርባው በፊት ፍሬን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ረገጥ። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ከኋላ አንዷ ሎሚ እያሸተተች «ቀስ በይ እንጂ!» ትላለች፤ አጠገቧ ያለው ተኝቷል፤ ከጎኔ ያለው ስለ ሙሽራይቱ ቤተሰብ ያወራል። (ሾፌር መሪ በያዘበት መንገድ የማያቅለሸልሸው አንጎሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ኩርባ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፤ ሎሚው ለተሳፋሪ ነው።) ከዚያ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የቦቴው ነው ብዬ አለፍኩ። በሚቀጥለው ኩርባ ፍሬኑን ስረግጠው ስፖንጅ የረገጥኩ መሰለኝ። ዝም ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ።

ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ትንሽ ያዘና ተወው። ሦስተኛ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ። ሁለተኛ አስገባሁ፣ የባሰ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን በአውራ ጣቴ እንደተጫንኩ በጥቂት በጥቂቱ ሳብኩት፤ እሱ በሽቦ ነው የሚሠራው፣ ዘይት አያገባውም። በተራራው በኩል ጠጠር ያለበት ሰፋ ያለ ቦታ አየሁ። እዚያ ገባችና ቆመች።

እናንተን ምን አልኳችሁ? «ኑ ውረዱ፣ አባይን እዩ! ድልድዩ ላይ ፎቶ አይፈቀድም!» ወረዳችሁ። ዝንጀሮዎቹን አያችሁ፣ ፎቶ ተነሣችሁ፣ አንዷም አመሰገነችኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ካሜራውን እንቢ አልኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን ስንወርድ «ምነው፣ ሰርገኛ አጀብሽ እንዴ?» ተባልኩ። ሳቅኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም።

የሆነው ይህ ነው። አራት ሰውና ሻንጣ የጫነች እንዲህ ያለች መኪና 1.3 ቶን ያህል ትመዝናለች። እሷን ያን ያህል ማውረድ የሚለቀው ኃይል 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማርሹ ዝቅ ካለ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይሸከማል፤ እኔ ግን ሁሉንም ፍሬኑ ላይ ጫንኩት። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እስከ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። አየር የገባበት ሲሪንጅ ስትገፉ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁን አስታውሱ። እኔ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ዘይቱን አንድም ቀን አላስቀየርኩም ነበር። ሲቀዘቅዝ አረፋው ይጠፋና ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይመለሳል።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ነች እንቅልፍ የነሳችኝ። በተረኛነት ሌሊት የመኪና አደጋ ሲመጣ ስንት ሾፌር «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎኛል! ካርድ ላይ «ፍሬን እምቢ አለኝ ይላል» ብዬ ጽፌያለሁ። «ይላል» ውስጥ ያለው ጥርጣሬ የእኔ ነው። መኪናው በማግሥቱ ሲሞከር ፍሬኑ ይሠራላ! አሁን ግን ሌላ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ስንተኛ ማርሽ ላይ ነበርክ? አንዳንዱ «ፎሌ» ይለኛል፣ ነዳጅ ለመቆጠብ። የሚያሳዝነው ነዳጁም አይቆጠብም፤ የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ጨርሰው ይዘጉታል፣ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት።

ለአባቴ ግን ነግሬዋለሁ። በአሰብ መስመር ኤንትሬ የነዳ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ «በወጣሽበት ማርሽ ነው የምትወርጂው» ብሎኛል፤ የሽማግሌ ተረት ነበር የሚመስለኝ። ነገሩን ስጨርስለት አልተቆጣም። «ስንተኛ ላይ ነበርሽ?» አለኝ። «አራተኛ።» ዝም አለ። በሚቀጥለው እሑድ ጣርማ በር ድረስ ሄድን፤ ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ መሪው እኔ ዘንድ ነበር፣ እሱ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ የተናገረው «አሁን»፣ «ቆይ»፣ «አሁን» ብቻ ነው። ፍሬን የረገጥኩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እውነቴን ነው፣ ከአባይ በረሃው የበለጠ ደስ ያለኝም ያን ቀን ነው።

መኪናዋ አሁንም አለች። የፍሬን ዘይቷ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።

ያ ፎቶ በመጀመሪያው የመጽሔታችን እትም ላይ «ጉዞ ወደ ሰርግ» ተብሎ ወጥቶ ነበር። ሦስታችሁ ተቃቅፋችሁ ትስቃላችሁ፣ ከኋላችሁ መኪናዋ ትታያለች። ቤት ስትገቡ አውጡና ልብ ብላችሁ እዩት፤ የፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ አለ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።