የጣና ጀልባና የ12 ቮልት ሽቦ

እሷ፦ ጣና ላይ የሚሠራ ባለ ጀልባ መብራትና የውኃ መምጠጫ ፓምፕ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ቢያስረው ምን ችግር አለው?

እሱ፦ እሳት ነዋ፣ እህቴ! 12 ቮልት አይነዝርም ብለው ይንቁታል። ሾርት ሲያደርግ ግን ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ፊውዝ ከሌለው የሽቦው ልባስ ይነዳል።

እሷ፦ መብራቱ የሚደበዝዘውስ?

እሱ፦ ሽቦው ለርዝመቱ ቀጥኖ ይሆናል። የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ እንደ መኪና ኮረንቲውን በቦዲ አይመልስም፤ ስለዚህ መሄጃውም መመለሻውም ይቆጠራል። አምስት ሜትር የራቀ መብራት አሥር ሜትር ሽቦ ነው።

እሷ፦ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያስ?

እሱ፦ እርጥበት ይገባዋል፤ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። ባለ ጀልባዎች፣ እባካችሁ፣ ሽቦው በሚችለው ልክ የተመረጠ ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አስገቡ።