ጽሑፍን በቃላት ከፍሎ ስለ መደርደር



ለጀማሪ የፕሮግራም ተማሪ ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ ዐረፍተ ነገርን በቃላት ከፍሎ በድርድር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በፓይተን ቋንቋ «ስፕሊት» የተባለው ትእዛዝ ያለ መለያ ምልክት ሲሰጥ፣ ማሽኑ ባዶ ቦታ ባገኘበት ሁሉ ይቆርጣል። «ዝናብ ዘነበ ማሳው ረሰረሰ።» ቢባል አራት አባላት ይወጣሉ።

ነገር ግን ያው ዐረፍተ ነገር እንደ ጥንቱ አጻጻፍ «ዝናብ፡ዘነበ፡ማሳው፡ረሰረሰ።» ተብሎ ቢቀርብ፣ ድርድሩ አንድ አባል ብቻ ይይዛል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት፣ ሁለት ነጥብ የተመዘገበው በሥርዓተ ነጥብነት እንጂ በባዶ ቦታነት አይደለምና። አራት ነጥቡም ከመጨረሻው ቃል ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በድርድሩ ውስጥ «ረሰረሰ» የሚለውን ቃል ለብቻው የሚፈልግ አያገኘውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ሁለቱን ምልክቶች በባዶ ቦታ መተካት፣ ከዚያም መክፈል። ይህ ካልተደረገ ግን በሁለት ነጥብ የተጻፈ የአባቶች መጽሐፍ መሥመሩ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል፤ ቆጠራውም ፍለጋውም ይፋለሳል። ጉድለቱ የጽሑፋችን አይደለም፤ መሣሪያው የተሠራው የሌላውን ጽሑፍ ልማድ መነሻ አድርጎ ነው።

ስለዚህ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ይህን ልምምድ ስትሰጡ በሁለት ነጥብ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጨምሩበት አሳስባለሁ።