ከልብ ጉድለት ጋር ስለሚወለዱ ልጆቻችን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ከ100 ሕፃናት 1 ያህሉ ልቡ ላይ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከመካከላችንም እንዲህ ያለ ልጅ የምናሳድግ አለን። ጎረቤት «ሲያድግ ይተወዋል» ይለናል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደፈናል። ሰፊ ከሆነ ግን መጠበቁ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ስለዚሁ ዋጋ ነው።

በግራና በቀኝ የልብ ክፍሎች መካከል ሰፊ ቀዳዳ ሲኖር፣ ወደ ሰውነት መሄድ የነበረበት ደም ተመልሶ ወደ ሳንባ ይጎርፋል። ልብ ያንኑ ደም ደጋግሞ ይገፋል፤ በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ያለ ድካም ነው። ጡንቻው መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይወፍራል፤ ሲቆይ ሕዋሳቱ ይዳከማሉ፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ከንፈራቸው በሚጠቁረው ልጆች ላይ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ይጨመርበታል።

ቆዳችን ሲቆረጥ ይሽራል። የልብ ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በኑክሌር ቦምብ ሙከራ ወደ አየር የተበተነውን ካርቦን ተከትለው የሕዋሳቱን ዕድሜ ለኩ፤ በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚታደሰው 1 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። (ከቦምብም የሚጠቅም ነገር መገኘቱ ይገርማል።) በሕፃናት ላይ ከዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም የሞተው ቦታ በአብዛኛው በጠባሳ ይሞላል፤ ጠባሳ ደግሞ ደም አይገፋም። ቀዳዳው ዘግይቶ ቢጠገንም ጠባሳው ይቀራል። ሐኪሞች በቀዶ ጥገና ጊዜ ልቡን በቀዝቃዛ መድኃኒት የሚያቆሙትም ሕዋሳቱን ለማትረፍ ነው።

ስለዚህ ጡት ሲጠባ ግንባሩን የሚያልበው፣ ሳይጠግብ የሚደክመው፣ ትንፋሹ የሚፈጥን፣ ክብደት አልጨምር የሚል ሕፃን ይመርመር። ሲጫወት ቁጢጥ ብሎ የሚያርፍ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ የሚጠቁር ልጅም እንዲሁ። እናቲቱን «ምን በልተሽ ነው?» ማለት ይቅር፤ የአብዛኛው ጉድለት ምክንያት አይታወቅም።

ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ማዕከል ይሰጣል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ወረፋ የሚያዘው ከተመረመሩ በኋላ ስለሆነ፣ አንዲት እናት የመሳፈሪያ አጥታ ቤት የምትቀመጥበት ወር በወረፋው ላይ ይደመራል። ሳጥናችን እስካሁን ለለቅሶ እንጂ ለምርመራ ተከፍቶ አያውቅም። ለእናትና ለልጅ የደርሶ መልስ መሳፈሪያ እንዲከፈት ሐሳብ አቅርበናል። አሁን ገንዘብ ያዧ ሒሳቡን ያነቡልናል፤ ከዚያ እጅ እናወጣለን።